ሁሌ የምትቆጣዋ ሴትዮ

በኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ ክሩን፣ ማለትም የውይይቱን ሰንሰለት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ሰበቡ ግን የዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ ናት። ቅዳሜ ማታ ሶፋ ላይ ተኮራምተን አንድ ኮሜዲ እናይ ነበር፤ ሦስት ጓደኛሞች አንዱን ጥፋት ለመሸፈን ሌላ ጥፋት እየሠሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚተራመሱበት ዓይነት። የአንደኛው ሚስት በፊልሙ ውስጥ አምስት ጊዜ ብቅ ትላለች፤ ሁለቴ በር ላይ፣ ሁለቴ በስልክ፣ አንዴ መኪና ውስጥ። አምስቱንም ጊዜ ፊቷ እንደተቋጠረ ነው። አራተኛው ላይ ልጅቷ ወደ እኔ ዞር ብላ ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው ሁሌ የምትቆጣው አለችኝ። መልስ አጣሁ። እሷ ከተኛች በኋላ ፊልሙን ወደ ኋላ እየመለስኩ የሴትየዋን ንግግር ብቻ ሰማሁ። የት ነህ፣ ተው፣ ቃል ገብተህልኝ ነበር፤ ከዚህ የዘለለ ነገር ደራሲው አልጻፈላትም። ባሏ ከጣሪያ ይወድቃል፣ የጓደኛው ሱሪ ይቀደዳል፣ ሦስተኛው ከውሻ ጋር ይታገላል፤ ሳቁን ሦስቱ ተከፋፍለውታል። ለእሷ የደረሳት በሩን መክፈትና መዝጋት ነው።

ይህንኑ ጻፍኩና ሁለት ነገር ጨመርኩበት። አንደኛው፣ ሴት በኮሜዲ ፊልም ሦስት የሥራ መደብ ብቻ እንዳላት ነው፦ ቆንጆ፣ ቁጡ፣ አማት። ሁለተኛው፣ ድሮማ የባሰ እንደነበረና ዛሬ ቀስ በቀስ እየተሻሻለ እንደመጣ ነው። ይህችን ሁለተኛዋን ምነው ባልጻፍኳት ብዬ በኋላ ተጸጽቻለሁ። መጨረሻ ላይ ጥያቄዬን አስቀመጥኩ፤ ሴቷ መሳቂያ ሳትሆን አስቂኝ የሆነችበት ፊልም የምታውቁ ንገሩኝ።

ምላሾቹ ሠላሳ ደረሱ። በተራቸው አወጋለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው ጨዋ ነበር። እህታችን ብሎ አመሰገነኝና ያቺን ሚስት እሱም በደንብ እንደሚያውቃት ነገረኝ። እነሱ ቤት የስልኳ ሴትዮ ነው የሚሏት፤ ግማሹን ፊልም ከስልኩ ወዲያ ማዶ ሆና ስለምትጨርሰው። 2ኛዋ አማትን አነሳች። ምራት ሳለች ያሳቋት ቀልዶች አማት ከሆነች ወዲህ እንዳላሳቋት በአንድ መስመር ጻፈችና ጠፋች።

ነገሩን ያጋለው 3ኛው ነው። እኔን አዛኝ ቅቤ አንጓች ካለኝ በኋላ ክርክሩን አመጣ፦ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ አህያ ተደርጎ የሚሣለው ወንዱ ነው። የሚወድቀው፣ የሚዋሸው፣ የሚዋረደው እሱ ነው። ሴቷ በቤቱ ውስጥ ብቸኛዋ ባለ አእምሮ ናት፤ አስቀድማ ታውቃለች፣ ታስጠነቅቃለች፣ መጨረሻ ላይም ልክ እሷ ሆና ትገኛለች። እንግዲህ ቅሬታ ማቅረብ ያለበት ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ስድቡን ትቼ ክርክሩን ሳየው ባዶ አልነበረም። ሰውም አልናቀውም፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ለእሱ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

4ኛዋ መለኪያ ይዛ መጣች። አሊሰን ቤክደል በምትሥለው የካርቱን ተከታታይ ውስጥ በ1985 ያወጣችውን ሕግ አስታወሰችን፦ ፊልሙ ቢያንስ ሁለት ሴቶች ይኑሩት፣ እርስ በርስ ይነጋገሩ፣ ንግግራቸውም ስለ ወንድ ያልሆነ ነገር ይሁን። የእኔ ፊልም ገና በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ሳይወድቅ እንደማይቀር ገመተች። እንዳለችው ለመውደቅ ምንም አልቀረውም፤ ሁለተኛዋ ሴት አለች፣ ስም እንኳ ግን የላትም።

5ኛው በትሕትና አረማት። ሕጉን ሰው ሁሉ እንደ ፈተና ይዞት ዞረ እንጂ ሲጀመር ራሱ በካርቱን ላይ የወጣ ቀልድ ነው፣ ቤክደልም ሐሳቡን ያገኘችው ከጓደኛዋ ከሊዝ ዋላስ እንደሆነ ተናግራለች አለ። ሁለት ሴቶች ስለ ጫማ አንድ ደቂቃ ቢያወሩ ፊልሙ ያልፋል፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ሆዳችንን እስኪያመን ብታስቀን ይወድቃል። ስለዚህ ለኮሜዲ የሚሆነው ሌላ ጥያቄ ነው ብሎ የእኔኑ ቃላት መልሶ ሰጠኝ። አማርኛው አስቂኝንና መሳቂያን ለይቷል፤ እሱ ግን ሦስተኛ ጨመረበት፣ ሳቅ ገዳይ። የስልኳ ሴትዮ መሳቂያም የመሆን ዕድል አላገኘችም፤ ሥራዋ ሳቁ ሲግል መጥቶ ውኃ መቸለስ ነው። ይህች ሳቅ ገዳይ የምትል ቃል ከዚያ በኋላ የክሩ መግባቢያ ሆነች።

6ኛው ረጅሙ ነበር፤ ጸሐፊው ልጄ እያሉ ስለጠሩኝ በዕድሜ ይበልጡኛል ብዬ አንቱ ብያቸዋለሁ። ስለ ድሮው የጻፍኩትን አንድ በአንድ አፈረሱት። ማቤል ኖርማንድን ታውቂያታለሽ ወይ አሉኝ። አላውቃትም ነበር። ፊልም ድምፅ ሳይኖረው፣ በ1912 በተቋቋመው ኪስቶን በተባለው ስቱዲዮ ውስጥ ከዋነኞቹ አስቂኞች አንዷ እሷ ነበረች፤ ትሮጣለች፣ ትወድቃለች፣ መኪና ትነዳለች፣ ፊቷን ታጣምማለች። በ1914 ከካሜራው ኋላ ቆማ ዳይሬክት ታደርግ ጀመር። ቻርሊ ቻፕሊን ያኔ አዲስ ገቢ ነው፤ እሷ በመራቻቸው ፊልሞች ላይ ሠርቷል፣ በእሷ መመራቱ እንዳልተዋጠለትም በግለ ታሪኩ ውስጥ ራሱ ጽፎታል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኪስቶን ስድስት ሪል (የፊልም ጥቅል) የሚረዝም «ቲሊስ ፐንክቸርድ ሮማንስ» የሚባል ሙሉ ኮሜዲ አወጣ። ቻፕሊንም ኖርማንድም አሉበት። ዋናዋ ግን ማሪ ድሬስለር ናት፤ አርባ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ግዙፍ፣ ፊቷ እንደ ሊጥ የሚለዋወጥ የመድረክ ተዋናይት። ቆንጆም ቁጡም አማትም ሆና አይደለም የምታስቀው። የገጠር ልጅ ሆና ትገባና ቤቱን ታፈርሰዋለች።

እሳቸው በዚህ አላበቁም። ወደ 1906 ወስደው ፈረንሳዊቷ አሊስ ጊ የሠራቻትን ሰባት ደቂቃ ገደማ የምትሆን ፊልም ተረኩልን። ወንዶቹ ይሰፋሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ሕፃን ያዝላሉ፤ ሴቶቹ ካፌ ተቀምጠው ያጨሳሉ፣ ይጠጣሉ፣ የሚያልፈውን ወንድ ይለክፋሉ። መጨረሻ ላይ ወንዶቹ ያምፁና ካፌውን ይይዙታል። እኔ ማታውኑ ፈልጌ አየኋት። አንዱ ሰውዬ በሴት ሲለከፍ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚሽኮረመምበት ቦታ ላይ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየች ቀልድ ናት።

7ኛው ምላሽ የእኔ ነው። ተሸንፌአለሁ ብዬ አመንኩና ታዲያ በመሃል ምን ተፈጠረ ብዬ ጠየቅሁ። 8ኛው የጥያቄዬን መልስ ትቶ ድምፅ አልባ ፊልሞች ሲታዩ የሚሰማው ሙዚቃ ድሮውኑ የነበረ ነው ወይስ አሁን የተጨመረ ብሎ ጠየቀ። አንድ ሁለት ሰው በዚያ ሊሄድ ሲል 9ኛዋ ወደ መንገዱ መለሰችን።

9ኛዋ እንደምትለው በ1930ዎቹ የተፈጠረ ነገር የለም፤ እንዲያውም ያኔ ሴቷ ከፍ ብላለች። ስክሩቦል የሚባለውን የኮሜዲ ዓይነት አነሳች፤ ወንድና ሴት እንደ ቦክሰኛ በምላስ የሚቧቀሱበት። ምሳሌዋ በ1940 የወጣው «ሂዝ ገርል ፍራይደይ» ነው። ፊልሙ የተወሰደው በ1928 ከታየ ተውኔት ነው፤ በተውኔቱ ሂልዲ ጆንሰን የሚባለው ጋዜጠኛ ወንድ ነበር። ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ ሂልዲን ሴት አደረጋት፣ ሚናውንም ሮዛሊንድ ራስል ወሰደች። ብልጠቱ፣ ምላሱ፣ ለወሬ ያለው ስስት እንዳለ ተላለፈላት፤ ሴት ናት ተብሎ የተቀነሰባት የለም። ራስል ግን ዋናው ተዋናይ የተሻሉ ቀልዶች እንደደረሱት ስለተሰማት በራሷ ገንዘብ በድብቅ ጸሐፊ ቀጥራ ንግግሯን አስሞረደች። በፊልሙ ውስጥ ባለ ተረከዝ ጫማዋን እንዳደረገች አንድ ሰውዬ አባርራ፣ እግሩ ላይ ዘልላ፣ መንገድ ላይ ትጥለዋለች፤ ወሬ ሊያመልጣት ነዋ። 9ኛዋ የምትወደው ይህን ቦታ ነው። ጫማዋ እንዳልወለቀ ሁለቴ ጻፈችው።

10ኛው አንድ ድፍረት ሞከረ። ለዚህ ሁሉ ምላስ የምናመሰግነው ሳንሱሩን ነው አለ። የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ በ1930 ወጥቶ ከ1934 አጋማሽ ጀምሮ ጠብቆ ሲሠራበት አልጋና የበዛ መሳሳም ስለተከለከለ ፍቅሩ ሁሉ በጭቅጭቅ መነገር ነበረበት፤ ለጭቅጭቅ ደግሞ አፍ ያላት ሴት ታስፈልጋለች። 11ኛዋ ይህን እንዳነበበች ክፉኛ ተቆጣች። እስረኛ በእጁ ሰንሰለት ዜማ ቢያወጣ ሰንሰለቱን ልናመሰግን ነው ወይ ነው የነገሯ ፍሬ። ሜይ ዌስትን ጠቀሰች፤ የራሷን ንግግር ራሷ የምትጽፍ፣ በ1933 በሁለት ፊልሞች አዳራሽ የሞላች፣ ደንቡ ሲጠብቅ ግን ቀልዷ እየተሸረፈ እየተሸረፈ የሄደባት። እኔ እዚህ ላይ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ፤ በሩ ለአንዷ ሲጠብ ለሌላዋ መስኮት ተከፍቷል።

12ኛዋ ምላሽ ስትመጣ ግን ሌላው ሁሉ ጸጥ አለ። ጸሐፊዋ ኤዲተር ናት፤ ፊልም በመቁረጥና በመቀጠል ነው የምትኖረው። ሳቅ የሚሰጠው ስክሪፕቱ ላይ ሳይሆን መቁረጫው ላይ እንደሆነ አስረዳች። አንዲት ሴት በር ስትገባ ተረከዟ ተሰንቅሮ ትወድቃለች እንበል። ገና መሬት ሳትነካ ቆርጠህ ወደ ወንዱ ፊት ከሄድክ፣ ዓይኑን ሲያጉረጠርጥ ወይም ከንፈሩን ሲነክስ ካሳየህ፣ ሳቁ የእሱ ነው። ተመልካቹ ከእሱ ጋር ሆኖ እሷ ላይ ይስቃል። እዚያው ፊቷ ላይ አንድ ሰከንድ ተኩል ከቆየህ፣ ከመነሳቷ በፊት ምን እንደምታስብ ካሳየህ፣ ሳቁ የእሷ ይሆናል። አወዳደቁ ያው ነው፣ ተዋናይቷም ያቺው ናት፤ ልዩነቱ ሠላሳ ስድስት ፍሬም፣ ማለትም ያቺው ሰከንድ ተኩል፣ ብቻ ነው።

ከዚያ ከራሷ ሥራ አንድ ነገር ነገረችን፤ የፊልሙን ስም አላነሳችም። ተዋናይቷ ከወደቀች በኋላ ማንም ያላዘዛትን ነገር አደረገች፤ ጫማዋን አየች፣ ወለሉን አየች፣ ከዚያ ወለሉን በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው፣ ጥፋቱ የአንተ ነው እንደሚል ሰው። የካሜራ ባለሙያው ሳቁን ሲውጥ በድምፁ ውስጥ ይሰማል። ኤዲተሯ ያንን አስገባችው። ፕሮዲውሰሩ አየና የዋናውን ተዋናይ ፈገግታ አምጪ አላት፤ ፖስተሩ ላይ ያለው እሱ ነውና። ሁለት ዓይነት አድርጋ ቆረጠችው፣ የወጣው የፈገግታው ሆነ። ወለል የሚመታው እጅ አሁንም ሃርድ ዲስኳ ውስጥ አለ፤ አንዳንድ ቀን ከፍታ ታየዋለች።

ለ3ኛው የሰጠችውም መልስ እዚሁ ውስጥ ነው። በኮሜዲ ቤት ልክ መሆን ሹመት አይደለም። ልክ የሆነው ሰው ግድግዳ ነው፣ ሌላው የሚነጥርበት። ሴቷን ሁሌ ብልህ ማድረግ አክብሮት ይመስላል እንጂ ከጨዋታ ማስወጫ ነው። በተቃራኒው በ1989 የወጣ አንድ የፍቅር ኮሜዲን ጠቀሰች፤ ሜግ ራያን ምግብ ቤት መሃል ተቀምጣ ሴት ወንድን እንዴት በድምፅ ብቻ ልታታልል እንደምትችል የምታሳይበት። ነገሩን ሰው በተሞላበት ቦታ እንድታደርገው ሐሳብ ያመጣችው ራያን ራሷ ናት። ካሜራው በመሃል ወደ ወንዱ ፊት ይሄዳል፣ ግን ሳቁን ለእሱ አይተውለትም፤ ይመለሳል፣ ይቆያል፣ መጨረሻ ላይም መዝጊያውን ጎን ጠረጴዛ ላይ ላሉ አንዲት አሮጊት ይሰጣቸዋል። አሮጊቷ የዳይሬክተሩ የሮብ ራይነር እናት ናቸው። አንዲት ወጣት ቀልዱን ገነባችው፣ አንዲት አሮጊት ዘጋችው፤ ወንዱ መሃል ላይ ሆኖ ያፍራል።

13ኛው ምላሽ የ3ኛው ሰውዬ ነው፤ ተመልሶ መጥቶ ታዲያ እናንተም ከጣሪያ መውደቅ ነው የምትፈልጉት ብሎ አፌዘ። 14ኛዋ፣ ኤዲተሯ፣ በአንድ ቃል አዎንታዋን ሰጠች።

15ኛው በእርስዎ የሚጽፍ፣ ነጥብና ሰረዙን የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ነገሩን ከተፈጥሮ ጋር አያያዘው፤ ወንድ ሴትን ለመማረክ ማሳቅ ያስፈልገዋል፣ ሴት ግን ስለማያስፈልጋት ችሎታውን አላዳበረችውም ይላል። ጸሐፊው ክሪስቶፈር ሂችንስ በ2007 ቫኒቲ ፌር መጽሔት ላይ ያወጣውን ጽሑፍ ምስክር ጠራ። 16ኛዋ ተርብ ናት። በ2011 የወጣውን «ብራይድስሜይድስ» አስቀመጠችለት፤ ሁለት ሴቶች ጽፈውት፣ በ32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ፣ በዓለም ዙሪያ ከ280 ሚሊዮን በላይ አስገብቶ፣ ለምርጥ ድርሰት ኦስካር የታጨ። ሳታስቅ ይህን ያህል ሰው ማስከፈል ከቻለችማ ከማሳቅም የበለጠ ተሰጥኦ ነው አለችው። ከዚያ 17ኛው ላይ የሆነውን ልብ በሉልኝ፤ ያ በእርስዎ ይጽፍ የነበረ ሰው በአንድ ምላሽ ውስጥ ከእርስዎ ወደ አንቺ ወረደ፣ ነጥብና ሰረዙ ጠፋ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ብሎም ተረተ። 18ኛውን አወያዩ አጥፍቶታል። አላነበብኩትም፤ ያነበቡት ግን እስከ መጨረሻው 18ኛውን እያነሱ ይሳሳቁ ነበር።

19ኛዋ አየሩን አቀዘቀዘችው። በመድረክ የምትሠራ ሴት ናት፤ የሰፈር ወሬ በሚመስል ለዛ የደረሰባትን አወራች። ልምምድ ላይ አንዲት የእሷ መስመር ነበረች፤ በተባለች ቁጥር የመብራት ሠራተኛው ሳይቀር ይስቃል። በሦስተኛው ሳምንት ያቺ መስመር ወደ ወንዱ ተዛወረች። ምክንያቱ ሲነገራት የአንቺ ገጸ ባሕርይ ቁም ነገረኛ ናት ተባለች። እሱ ሲላት ሳቁ በግማሽ ወረደ፤ ግን ማንም አልመለሰላትም። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ላይ ጥሩ ቀልድ ስታገኝ አጉረምርማ እንደምታልፈውና ጮክ የምትለው ተመልካች ፊት ብቻ እንደሆነ ጻፈች። ለዚህች ምላሽ የተሰጠው የድጋፍ ምልክት ከሌላው ሁሉ በለጠ።

20ኛው ወንዶች ሴት መስለው የሚሠሩባቸውን ፊልሞች አመጣ፤ የ1959ኙን «ሰም ላይክ ኢት ሆት»፣ የ1982ቱን «ቱትሲ»፣ የ1993ቱን «ሚሲስ ዳውትፋየር»። እሱን የሚያበሳጨው፣ እየወደቀች፣ እየተሳሳተች፣ እየተንጫጫች የምታስቅ ሴት ሲያስፈልግ ሚናው ቀሚስ ለለበሰ ወንድ መሰጠቱ ነው። 21ኛዋ በግማሹ ብቻ ተስማማች። በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ ሜሪሊን ሞንሮ አለችኮ አለች፤ ሁለቱ ወንዶች በዊግ ስር ሲያላቡ እሷ አንዲት ቃል ሳታነሳ ሳትጥል የምታስቅ። ቁንጅናዋ እየተወራ የቀልድ ጊዜ አጠባበቋ የተረሳባት ሴት ናት፤ ቆንጆ የሚለው መደብ ውስጥ ስለተመዘገበች አስቂኝ የሚለው ውስጥ የሚፈልጋት የለም። እግረ መንገዷንም ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸው በቀለም ሲሞከር የወንዶቹ የፊት ቅብ አረንጓዴ ስለሆነ ነው የሚለውን ጨመረችልን።

22ኛው ከርዕሱ ወጣ፤ እኔ ግን ከክሩ ሁሉ እሱን እወደዋለሁ። ይህንኑ የ1959 ፊልም ለጓደኞቹ ሲል በአማርኛ ጽሑፍ ተርጉሞታል። እንግሊዝኛው አንተንም አንቺንም በአንድ ቃል ይገላገላል፤ አማርኛ ግን አይለቅህም፣ በየግሡ ወንድ ነው ሴት ብሎ ይጠይቅሃል። ሁለቱ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ብቻቸውን ሲጨቃጨቁ አንተ ይባባሉ ወይስ አንቺ? እሱ የወሰነው፣ ብቻቸውን ሲሆኑ አንተ እንዲባባሉ፣ በዓረፍተ ነገሩ መሃል ሰው ሲገባ ግን ግሡን ሳይጨርሱ ወደ አንቺ እንዲገለብጡት ነው። በእንግሊዝኛው ውስጥ የሌለ ቀልድ ተወለደለት። አንደኛው፣ ጄሪ፣ ሴት መስሎት ከወደደው ሀብታም ሽማግሌ ጋር ታጭቶ በደስታ ሲጨፍር ሲመጣማ ጓደኛው አንተ፣ አንተ፣ አንተ እያለ ወደ ወንድነቱ ሊመልሰው ይታገላል። ያስጨነቀው የመጨረሻው ትዕይንት ነበር፤ ጄሪ ጀልባው ላይ ዊጉን አውልቆ ወንድ ነኝ ሲል ሽማግሌው ምን ብሎ ይጥራው? አንቺ ካለ አልሰማም ማለት ነው፣ አንተ ካለ ተቀብሎታል ማለት ነው። ሁለት ቀን አሰበበት። ከዚያ ደጋግሞ ሲሰማው የሽማግሌው የመጨረሻ ቃል አንተም አንቺም የለበትም፤ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ በጥቅሉ የተባለ ነው። ደራሲዎቹ ሳያውቁት ለአማርኛ ተርጓሚ የተዉት ስጦታ ነው አለ።

23ኛው ይህን ትርጉም የት እንደሚያገኘው ጠየቀ። መልስ የለም።

24ኛዋ ወደ ገበያው ወሰደችን። ናይጄሪያዊቷ ፉንኬ አኪንዴሌ በ2023 ያወጣችው «ኤ ትራይብ ኮልድ ጁዳ» በሀገሩ ሲኒማ ቤቶች ከ1 ቢሊዮን ናይራ በላይ በማስገባት የመጀመሪያው የናይጄሪያ ፊልም ሆኗል፤ እሷ ደግሞ የምትጽፍ፣ የምታዘጋጅ፣ ራሷም የምታስቅ ናት። በዚያው ዓመት የግሬታ ገርዊግ «ባርቢ» 1 ቢሊዮን ዶላር ያለፈ፣ ሴት ብቻዋን ዳይሬክት ያደረገችው የመጀመሪያ ፊልም ሆነ። 25ኛው ወዲያው ጠልፎ ያዛት፦ በዚያ ፊልም ውስጥ ከሲኒማ ስትወጡ የምታስታውሱት ሳቅ የማን ነው? የወንዱ አሻንጉሊት የኬን ነው። ከሁለቱ ዋና ተዋንያን ለትወና ኦስካር የታጨው ኬንን የሠራው ራያን ጎስሊንግ ነው፤ ባርቢን የሠራችው ማርጎ ሮቢ በትወና አልታጨችም፣ ገርዊግም በዳይሬክተርነት አልታጨችም። ሰውዬው ሊያበሽቅ አልነበረም። የኤዲተሯን ጥያቄ ወስዶ ሴት ራሷ በሠራችው ፊልም ላይ መጠየቁ ነው፤ እኔን አሳምኖኛል። አንድ የማልስማማበት ነገር አለ፤ የኬን ቂልነት የድሮ ቆንጆዋ ልጅ ሥራ ነው፣ አጊጦ ቆሞ ሰው እስኪያየው መጠበቅ። ቀልዱም እዚያ ላይ ነው።

26ኛዋ ስለ ውፍረት ጻፈች። እሷ ራሷ ወፍራም መሆኗን በግልጽ አስቀመጠች። በልጅነቷ ባየቻቸው ኮሜዲዎች ውስጥ ወፍራም ሴት ስትገባ ሙዚቃው ይቀየር ነበር፤ ዝሆን የሚራመድ የሚመስል ትልቅ የነሐስ መሣሪያ ይነፋል፣ ሴትየዋ ገና አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ሰው ስቆ ይጨርሳል። ሜሊሳ ማካርቲን በ«ብራይድስሜይድስ» ስታያት መጀመሪያ ጆሮዋን ያቆመችው ያንን ሙዚቃ ፍለጋ ነው። አልመጣም። ሴትየዋ ገብታ በራሷ ስትተማመን፣ ስትዋሽ፣ ሰው ስታዝዝ ብቻ አየች። አንዳንዱ ትዕይንት አሁንም ሰውነቷ ላይ እንደሚያሾፍ አልካደችም፤ ግን ሲኒማ ቤት ውስጥ ትከሻዋን ሳትሰበስብ የሳቀችበት የመጀመሪያው ቀን እሱ ነው። ማንም አልተከራከራትም።

27ኛው ኢሌይን ሜይ ለምን እስካሁን አልተነሳችም ብሎ ሁላችንንም ወቀሰ። በ1971 «ኤ ኒው ሊፍ»ን ጽፋ፣ ዳይሬክት አድርጋ፣ ዋናዋን ሴት ሠርታለች፤ ስቱዲዮው ግን ፊልሙን ቆርጦ ስላሳጠረው ፍርድ ቤት ከሳዋለች። የሠራቻት ገጸ ባሕርይ ሀብታም የዕፅዋት ተመራማሪ ናት፤ ሻይ ታፈሳለች፣ የልብሷን ዋጋ መለያ ሳትነቅል ትዞራለች፣ ባሏ ሊገድላት እያሰበ እንደሆነ አታውቅም። ከሦስቱ መደቦችሽ የትኛው ውስጥ ትከቻታለሽ ብሎ ጠየቀኝ። የትኛውም ውስጥ አልከታትም።

28ኛው፣ አዎ፣ 3ኛው ሰውዬ ነው። ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር። በጣም የሚወደውን ኮሜዲ እንደገና አይቶ፣ ወረቀት ይዞ፣ ሴቷ ባለችበት ቦታ ሁሉ ሳቁ የማን እንደሆነ መዝግቧል። አንድ ቦታ ብቻ የእሷ ሆኖ አገኘው፤ ያም ቢሆን ዋናው ተዋናይ ጀርባውን ስለሰጠ ካሜራው ሌላ የሚሄድበት ስላጣ ነው። ሐሳቤን ቀይሬአለሁ አላለም። የስልኳ ሴትዮ በእውኑም ዓለም አለች፣ እሱ ቤትም አለች ነው ያለው። ግን እሱ ቤት ያለችው ሴትዮ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የእሱን አነጋገር እያስመሰለች ልጆቹን እንደምታስቃቸው፣ እሱም አንዴ በር ላይ ቆሞ እንደሰማት፣ ያንን የመሰለ ነገር ግን ፊልም ላይ አይቶ እንደማያውቅ ጻፈ።

29ኛዋ ለእህቴ ልጅ የሚሆን ፊልም መረጠችልኝ፤ በ1938 የወጣውን የሆክስን «ብሪንጊንግ አፕ ቤቢ»። ካትሪን ሄፕበርን ኮሜዲ ስላልለመደች መጀመሪያ ላይ ላስቅ ላስቅ እያለች ታበላሸው እንደነበር፣ ሆክስም ዋልተር ካትሌት የሚባል የቆየ የመድረክ ቀልደኛ አምጥቶ ነገሩን በቁም ነገር መሥራት እንዳስተማራት አስረዳችኝ። ፊልሙ ያኔ ከስሮ ነበር። በዚያው ዓመት የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ሄፕበርንን ተመልካች ከሚያባርሩ ተዋንያን ዝርዝር ውስጥ አስገብተዋታል።

30ኛው የእኔ ነው፤ የሆነውን ለመንገር ብቻ። ቅዳሜ ማታ ከልጅቷ ጋር አየነው። ቀለም የለውም ብላ አሥር ደቂቃ አኮረፈች። ከዚያ ሄፕበርን ምግብ ቤት ውስጥ የወይራ ፍሬ እየወረወረች ትጫወታለች፤ አንዷ ትወድቅባትና ያ ቁም ነገረኛ ምሁር ረግጧት ተንሸራቶ ገዛ ባርኔጣው ላይ ይቀመጣል። ልጅቷ ቀና አለች። ትንሽ ቆይቶ የእሷን ቀሚስ ረግጦ ከኋላ ይቀደዋል። እሷ አላወቀችም፣ እየተቆጣች ንግግሯን ቀጥላለች። እሱ በባርኔጣው ሊሸፍናት ይሞክራል፤ ስታውቅ ከኋላዋ ተጣብቆ፣ እግር ከእግር እየገጠሙ፣ እንደ አንድ ባለ አራት እግር ፍጥረት ከአዳራሹ ይወጣሉ። አምስት ጊዜ አስመለሰችኝ።

ፊልሙ ሲያልቅ ኮሪደሩ ላይ ልንሠራው ተነሳን። ከፊት እሷ ሆነች፣ ባርኔጣ ስለሌለን የድስት ክዳን ይዤ ከኋላዋ ተጣበቅሁ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያልን በር ላይ ስንደርስ እህቴ እጇን አጣምራ ቆማለች፤ የመኝታ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝና ሳቋ አመለጣት። እህቴ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ክዳኑን ከእጄ ወሰደችና ከኋላዬ ተሰለፈች።